አልጋ የሌላቸው አልጋ ወራሾች

መስከረም 21 ቀን በወሎ የግሸንን አቀበት ጨርሶ አፋፉ ላይ የቆመ ምእመን መጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል። ከዚያ ያማትባል። ፊት ለፊቱ ቤተ ክርስቲያን፣ ዙሪያውን ገደል፣ ከገደሉ ማዶ የአምባሰል ተራሮች ናቸው። አምባው ራሱ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ ስለሆነ የጌታ መስቀል ክፋይ የሆነው ግማደ መስቀሉ ለምን እዚህ እንዳረፈ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ምእመኑ ስለቱን ያገባል፣ ጸበሉን ይጠጣል፣ ተሳልሞ ይወርዳል።

የረገጠው መሬት ግን የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። ከ13ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ 1540 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ወንዶች ልጆች እዚህ ተወልደዋል፣ አግብተዋል፣ አርጅተዋል፣ ሞተዋል። «እስራኤላውያን» ይባሉ ነበር። በአገሪቱ ከእነርሱ የሚበልጥ ትውልድ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ሁሉ የመሳፍንት ቤት «ይህ የልዑል እገሌ መቀመጫ ነበር» ተብሎ የሚታይ አንድ በርጩማ እንኳ አልተረፈም።

ይህ ባዶነት ሊታሰብበት ይገባል።

በአማርኛ «አልጋ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። አንደኛው ሰው የሚተኛበት ነው። ሁለተኛው መንግሥት ነው። ንጉሥ በምንጣፍና በመከዳ በተደላደለ አልጋ ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ ሲያስፈርድ ስለኖረ የቤት ዕቃው ስም የሥልጣኑ ስም ሆነ። የሚነግሠውም ልጅ «አልጋ ወራሽ» ተባለ። «ግምጃ ቤት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው። ግምጃ ከሐር የተሠራ የክብር ጨርቅ ነው፤ የንጉሡ ሀብት የሚቀመጥበት ቤት በወርቁ ሳይሆን በጨርቁ ተጠራ። እንግዲህ አማርኛ የቤት ዕቃን አልናቀም። እንዲያውም መንግሥትን የሚያህል ነገር በመኝታና በጨርቅ ስም ጠራ። ግሸን ደግሞ የአልጋ ወራሾች አምባ ነበረ፤ አልጋው ግን ሌላ ቦታ ነበር።

የት? በድንኳን ውስጥ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር። ቤተ መንግሥቱ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ይጓዝ ስለነበር ዕቃው ሁሉ የሚጠቀለል፣ የሚታጠፍ፣ የሚጫን መሆን ነበረበት። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ሐር፣ ዘውድ፣ ጽዋ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬሽ ዐፄ ልብነ ድንግልን ያየው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። ንጉሡ በደረጃ ከፍ ባለ መቀመጫ ላይ፣ የወርቅና የብር ዘውድ ደፍተው፣ የብር መስቀል በእጃቸው ይዘው፣ ሰማያዊ ሐር አንዴ ፊታቸውን ሲጋርድ አንዴ ሲገልጥ እንደ ነበር ጽፏል። ፖርቱጋላውያኑ ያመጡት ስጦታም የወርቅ ሰይፍ፣ ጩቤ፣ የግድግዳ መጋረጃ፣ ኦርጋን፣ የዓለም ካርታም ነበረበት። የዓለም ካርታ ድንኳን ውስጥ! ያ ንጉሥ ካርታውን ዘርግቶ አገሩን በጣቱ ሲፈልግ ማሰብ ደስ ይላል።

አልቫሬሽ ግሸንን ከግርጌው አይቶ አለፈ እንጂ አልወጣም። ወደ አምባው ማንም እንዳይቀርብ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ቅጣቱም ከባድ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አልጋ አይከፈልም። መሬት ለልጆች ይከፈላል፣ ከብት ይከፈላል፣ ወርቅ በሚዛን ይከፈላል። አልጋ ላይ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ የቀሩት ወንድሞች ሁሉ አደጋ ናቸው። ስለዚህ ወንድሞቹ ወደ ገደሉ አናት ይወጣሉ፤ አልጋው ባዶ ሲሆን ከመካከላቸው አንዱ ይወርዳል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 የነገሡት ከዚህ ወርደው ነው። ዐፄ ናዖድም በ1494 እንዲሁ። ሁለቱም የድርሰት ሰዎች መሆናቸው ያለ ነገር አይመስልም። ዘርዐ ያዕቆብ የሃይማኖት መጻሕፍት ደረሱ፤ ናዖድም የመልክአ ማርያም ደራሲ እንደ ሆኑ ይነገራል። መውጫ የሌለው ሰው የሚያነበውን አጥብቆ ያነባል።

እንዲህ ያለ ሰው የቤት ዕቃ ምን ያደርግለታል? ነገ ሊነግሥ ይችላል፤ ነገ ዓይኑ ሊጠፋ ወይም ሊሞት ይችላል፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እዚያው ሊያረጅ ይችላል። ቤቱ የራሱ አይደለም። «ባለቤት» የምንለው ቃል ቤትን የያዘ ሰው ማለት ነው፤ የግሸን መሳፍንት ግን ቤቱ የያዛቸው ሰዎች ነበሩ።

አውሮፓውያን ይህን ባዶ ቤት ሊታገሡት አልቻሉም። የአልቫሬሽ መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ላይ ከታተመ በኋላ «የአማራ ተራራ» እያሉ ግሸንን በምናባቸው ያንቆጠቁጡት ጀመር። በ1610 በቫሌንሲያ መጽሐፉን ያሳተመው ስፔናዊው መነኩሴ ሉዊስ ዴ ኡሬታ ኢትዮጵያን በእግሩ ሳይረግጥ አምባውን በቤተ መንግሥት፣ በውድ ዕቃና በዓለም ላይ አቻ በሌለው ቤተ መጻሕፍት ሞላው። በዚያው ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖረው ኢየሱሳዊው ፔሮ ፓኤዝ የኡሬታን ተረት ለማፍረስ ሰፊ ታሪክ ጻፈ፤ ተረቱ ግን ከእውነቱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተን በ1667 በታተመው ታላቅ ግጥሙ የአማራን ተራራ ከምድራዊ ገነቶች ጎን ጠቀሰው። የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1759 «ራሴላስ»ን ጻፈ፤ የተዘጋባቸው የኢትዮጵያ ነገሥታት ልጆች በዚያ መጽሐፍ ምስጢራዊ ክፍሎችና ሀብት በሞላው ቤተ መንግሥት፣ በተድላ ይኖራሉ። ሲራክ ኅሩይ ይህንኑ መጽሐፍ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ሳይታይ የተጻፈው ግሸን በዚህ መንገድ ወደ አገሩ ገባ።

ደራሲዎቹን መውቀስ አይገባም። ሀብታም ቤት ሲባል በእነርሱ አገር ሌላ ነገር ነበር። ያ ቤት ከድንጋይ ተሠርቶ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። የአያት ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ወንበሩ ከነቦታው ይወረሳል፣ ቤተሰቡ ሲደኸይ ደግሞ በሩ ተከፍቶ ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ ይገባል። በዚያ ልማድ የቤተሰብ ክብር የሚለካው ዕቃው ከቤት ሳይወጣ ስንት ትውልድ ቆየ ተብሎ ነው።

በግሸን የተረፈው ግን ከቤት የወጣው ነው።

ዛሬ በግሸን ማርያም ከሚጠበቁት ቅርሶች አንዱ ለዐፄ ዳዊት የተሠራ ተአምረ ማርያም ነው። ዳዊት ከ1382 እስከ 1413 ገደማ የነገሡ የዘርዐ ያዕቆብ አባት ናቸው። መጽሐፉ ሥዕል ካላቸው የተአምረ ማርያም ብራናዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ነው፤ በኢትዮጵያ ብራና ላይ እምብዛም የማይገኘው ወርቅም በሥዕሎቹ ላይ ይታያል። ዐፄ ዳዊት የእመቤታችንን ተአምር በወርቅ ቀለም ለማስጻፍ ምን ያህል እንደ ተመኙና እንደ ደከሙ የሚናገር አንድ ተአምር ራሱ በተአምራቱ መካከል ገብቷል። እኚህ ንጉሥ በ1402 ወደ ቬኒስ መልእክተኞች ልከው የእጅ ባለሙያዎችን ያስፈለጉ ናቸው። ወርቁን ለዘውድ ብቻ ሊያውሉት ይችሉ ነበር። ዘውዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ብራናው አለ።

ሌላው መጽሐፈ ጤፉት ነው። ስሙን ያገኘው እንደ ጤፍ ከደቀቀው ፊደሉ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ለአምባው የሰጡት ይህ መጽሐፍ የግማደ መስቀሉን ታሪክ፣ የቦታውን ክብርና የተሰጠውን ርስት ይዟል። እንደ ትውፊቱ ንጉሡ መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩ በራእይ ታዘው አገር ለአገር ሲፈልጉ ቆይተው መስቀለኛውን አምባ አገኙ። አምባውን ግን ቀድሞም ያውቁታል። ታስረው ያደጉበት ነው። ንጉሥ ሆነው ሲመለሱ ከሁሉ የከበረውን ንብረታቸውን ይዘው ወደ እስር ቤታቸው ወጡ፤ እዚያው አኑረውት ባዶ እጃቸውን ወረዱ። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ይህን የሚያህል የቤት ማስጌጥ አልተፈጸመም።

በእነዚህ ብራናዎች ልማድ፣ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ገጽ፣ መጽሐፉን የሰጠው ሰው ስም ይጻፋል፤ ቀጥሎም የሚሰርቀውን፣ የሚፍቀውን፣ ከቦታው የሚያወጣውን የሚያወግዝ ቃል ይሰፍራል። ብዙ ሰው ይህን የሌባ ማስፈራሪያ አድርጎ ያነበዋል። ነገር ግን ውግዘቱ ሌባን ብቻ አይመለከትም። የሰጪውን ልጅ፣ የልጅ ልጁንም ይመለከታል። ንጉሥ የሰጠውን ልጁ ሊወስደው አይችልም። ነገሩ እዚህ ላይ ይገናኛል። አምባው ወንድማማቾች በውርስ እንዳይፋጁ የተዘጋ ነው፤ ብራናው ደግሞ ከውርስ ለዘላለም የወጣ ዕቃ ነው። ያ ቤተሰብ የሚከፈል ነገር ሁሉ ቤቱን እንደሚከፍል በገዛ ልጆቹ ላይ አይቶታል። ሊጣላበት የማይችለው ነገር ለማርያም የሰጠው ብቻ ነበር። እስር ቤቱንም ዕቃ ቤቱንም የሠራው ያው ፍርሃት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

«ግምጃ ቤት» እና «ዕቃ ቤት» የሚሉት ቃላት ልዩነት ከዚህ ይመጣል። ግምጃ ቤት የንጉሥ ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ንጉሡ ሲወድቅ ይዘረፋል። ዕቃ ቤት የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጽዋው፣ መስቀሉ፣ መጋረጃው፣ ብራናው የሚወጣው ለቅዳሴና ለበዓል ነው። ንጉሡ የለበሰው ሐር መጨረሻው የታቦት መጎናጸፊያ ይሆናል። የመሳፍንት ቤት ዕቃ ጡረታ የሚወጣበት ቦታ ቢኖር ይህ ነበር። ከግሸን ብዙ ሳይርቅ በሐይቅ እስጢፋኖስ የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል አለ። በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ነው፤ በውስጡም አባታችን ለገዳሙ የሰጡት ንብረት ተዘርዝሯል። በሌላ አገር የዕቃ ዝርዝር የሚጻፈው ባለሀብት ሲሞት ለወራሾች ነው። እዚህ የተጻፈው መነኩሴ ሲሰጥ ነው።

ይህን ሁሉ በአድናቆት ብቻ ማለፍ ግን አይቻልም። በ1540 ገደማ፣ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባውን ያዘ። መሳፍንቱና ጠባቂዎቹ አለቁ፤ የነገሥታቱ ንብረት ተዘረፈ፤ ቤቱም ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ግሸን የመሳፍንት እስር ቤት መሆኑ ቀረ፤ በጎንደር ዘመን ወህኒ የሚባለው አምባ ቦታውን ተካ። ደግሞስ ያ ሁሉ ወርቅ ከየት መጣ? ከገባሪ ነው። የዳዊትን ቀለም ያበራው ወርቅ በሰው ጉልበት ከምድር የወጣ፣ በግብር የገባ ነው፤ የሰጪው ስም ሲጻፍ የገባሪው አልተጻፈም።

ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ዕቃም ሁልጊዜ አልዳነም። በዚያው በወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከየአድባራቱ የሰበሰቡት ቅርስ ሚያዝያ 1868 በእንግሊዝ ጦር ተዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። በዳላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን ሐራጅ ወጣበት፤ ገንዘቡ ለወታደር ተከፋፈለ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ለሙዚየሙ ይገዛ ነበር፤ «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን፣ ነገሥታቱ ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ የነበረውን ሥዕል ግን ለራሱ አስቀረ። ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያለው የወርቅ ጽዋ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም ማርያም የሰጡት ነው። ይህን የሚናገረው በጽዋው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ራሱ ነው።

ስለዚህ ጽዋ ሲከራከሩ ብዙዎች «የኢትዮጵያ ነው ወይስ የእንግሊዝ?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክል አይደለም። ጽዋው አድራሻው ላዩ ላይ ተጽፏል። ምንትዋብ ሰጥተው ጨርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ የእርሳቸው፣ የቴዎድሮስም ሆነ የወታደሩ ሊሆን አይችልም። መስታወት ውስጥ በጥሩ ብርሃን ተቀምጧል፤ አልተጣለም፣ አልቀለጠም፤ ለዚህ የጠበቁት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ጽዋ ግን የሚጠጣበት ነው። ከ150 ዓመት በላይ ማንም አልቆረበበትም።

የግሸንን ባዶ ቤት ታሪክ የሚሞላ አንድ ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ አለ። አምባሰልን የሚገዙት ሰዎች «ጃንጥራር» የሚባል፣ ከእነርሱ ወገን ሌላ ሰው የማይጠራበት ማዕረግ ነበራቸው። እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ ናቸው፤ በእናታቸው በወይዘሮ ስሂን በኩል የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው። የአልጋ ወራሾች አምባ የቆመበት አገር ገዢ ልጅ በ1930 ከአልጋው ጎን ዘውድ ጫኑ። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ መኖሪያ የነበረው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። የመኝታ ክፍሎቹና መታጠቢያ ቤቱ እንዳሉ ይታያሉ፤ በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ መስታወት ላይ በ1960 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጊዜ የደረሰ የጥይት ቀዳዳ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አልጋ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉሙን ይዞ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ተማሪም ገበሬም ገብቶ ያየዋል። ያም ሊሆን የቻለው ቤቱ ስለተሰጠ ነው።

የእቴጌ መነን ዘውድ ግን እዚያ የለም። በስደት ዘመናቸው ኢየሩሳሌም ሳሉ አገራቸው ነፃ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለጌታ ልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተስለው ነበር። በ1941 አገር ነፃ ወጣች፤ ስለቱም ገባ። ከዚያ በኋላ ዘውድ አልደፉም። የግሸንን አቀበት በየዓመቱ ስለት ይዞ የሚወጣ ገበሬ ያደረጉትን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ደሴ ላይ የእቴጌዪቱ አያት ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ስሙ ራሱ የቤት ፍልስፍና ነው፤ ማንንም የማይጸየፍ ግብር ቤት ማለት ነው። በዚያችው ከተማ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ የወሎን ሰው ጋሻ፣ ብራና፣ የቤት ዕቃ በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ ሲያሳይ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወራት ይህ ቤት ተዘረፈ። መቅደላም ደሴም በወሎ ናቸው፤ በሁለቱ ዘረፋዎች መካከል ግን ከ150 ዓመት በላይ አለ።

የመቅደላው በዝሆን ተጭኖ ባሕር ተሻገረ። የደሴው ሩቅ ላይሄድ ይችላል። በአንድ ጓዳ፣ በአንድ ሱቅ ጀርባ፣ ምን እንደ ሆነ በማያውቅ ሰው ሣጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቤት የወጣ ዕቃ እጁ የገባ ሰው ቢኖር፣ እንዴት እንዳገኘው ማስረዳት ቢከብደው እንኳ፣ ለሚያምነው የንስሐ አባት ወይም ሽማግሌ ይስጥና ወደ ሙዚየሙ ይመልስልን።